እናቴ መሬቱን ስትለቅ

እናቴ ልትሞት መሆኑን ያወቅኩት በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጬ ነው። እናቴ እስከ ዛሬ አለች። ባለፈው ሰሞን እንኳ ለልጆቼ ከሱቅ የገዛሁትን ዩኒፎርም ገልብጣ እያየች፣ “ይሄ ስፌት ነው ወይስ የዶሮ ጭረት?” ብላ ስትወቅሰኝ ነበር። ያኔ ግን በእኔ በኩል ነገሩ ያለቀለት ነበር።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው የእናቴ ልብስ ስፌት ቤት ሲሆን፣ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ያላለቁ ቀሚሶች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት በመጋረጃ የተከለለች ጠባብ ቦታ ነበረች። የኋለኛው እኛ የምንኖርበት ነው። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ የሚያድርበት ቀን ይበዛል። ታናሽ ወንድሜ የራሱ ስም ቢኖረውም ጉንጩን ያየ ሁሉ ድንቡሼ ስለሚለው ስሙ ትምህርት ቤት ብቻ ነበር የሚጠራው።

እኔ ምርኩዝ ዘላይ ነበርኩ። ይህን ስናገር ዛሬም ሰው ፈገግ ይላል። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ሜዳ ደርሼ ስመለስ ባዩኝ ቁጥር፣ “ምርኩዝ የሚይዘው ያረጀ ነው፤ አንቺን ምን ነካሽ?” ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ ምርኩዝ ይዞ መቆም የእናንተ፣ ምርኩዝ ይዞ መብረር የእኔ እላቸዋለሁ፤ በልቤ ማለቴ ነው።

ያሠለጠነን የስፖርት መምህራችን ነው። አጭር፣ ደልደል ያለ፣ ሰውነቱ ሁሉ ትከሻ የሆነ ሰው። “ቀስ” ሳይል ዓረፍተ ነገር ስለማይጨርስ ጋሽ ቀስ እንለው ነበር። ሩጡ ሲለን እንኳ “ቀስ ብላችሁ ፍጠኑ” ይለናል። እኔን ከቅጥነቴ የተነሣ ሰምበሌጥ ብሎ የሰየመኝም እሱ ነው።

ሩጫዬ ደህና ነበር። ምርኩዙን ሳጥኑ ውስጥ መትከልም ለምጄዋለሁ፤ ሳጥን የምንለው ከፍራሹ ፊት ለፊት መሬት ውስጥ የተቀበረውን ጎድጓዳ ብረት ነው። ችግሬ ከዚያ በኋላ ነበር። እግሬ መሬቱን በለቀቀ ቅጽበት ክንዴን አጥፌ ምርኩዙን ወደ ደረቴ እጎትተዋለሁ። ጋሽ ቀስ ከጎን ቆሞ፣ “እጅሽን አትጎትቺ፤ ተንጠልጠይ። ክንድሽ ይርዘም፣ እግርሽ ይወንጨፍ፤ ቀስ” ይለኛል። እሺ እላለሁ። ሮጬ፣ ተክዬ፣ ስነሣ ደግሞ ያንኑ እጎትታለሁ። እሱ የሚለው ጆሮዬ ላይ ይደርሳል፤ ክንዴ ላይ አይደርስም። ደግሞስ ሰው አየር ላይ ሆኖ ያገኘውን ነገር ጥብቅ አድርጎ ባይዝ ምን ሊይዝ ነው?

እንዲህ ስጎትት አንድ ቀን ምርኩዙ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና ወደ ጎን ጣለኝ። የፍራሹን ጠርዝ ገጭቼ መሬት ወረድኩ። አጥንት አልተሰበረም፤ ትከሻዬ ግን በልዞ የበሰለ ፕሪም መሰለ።

እናቴ ሜዳው ድርሽ ብላ አታውቅም ነበር። “ልጄ ወደ ሰማይ ስትወረወር ቆሜ ላይ? ይቅርብኝ” ትል ነበር። ትከሻዬን ስታይ ቤቱን የምታፈርሰው መስሎኝ ተዘጋጅቼ ጠበቅኳት። እሷ ግን በሞቀ ውሃ ጨርቅ እየነከረች አሸችልኝ፤ ከዚያ ረጅም ጊዜ ዝም ብላ መስኮቱን አየች። እናቴ ዝም ስትል ቤታችን ውስጥ ሰዓቱም ፈርቶ የሚቆም ነው የሚመስለው።

ነገር ነገር የሸተተኝ ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ በጠዋት “ክር ልግዛ” ብላ መውጣት አመጣች። ክር የሚሸጠው ማዶ ነው፤ እሷ ግን ፀሐይ ከፍ እስክትል ትቆያለች፤ ስትመለስም አንዳንዴ ክሩን ረስታው ትመጣለች። አንድ ጊዜ አነከሰች። አንድ ጊዜ መቀስ ስትይዝ ፊቷን ቋጠረችና እጇን ጨብጣ ቀሚሷ ውስጥ ደበቀችው። እንደ መርፌ ቀጥ ብላ የምትቀመጥ ሴት፣ ከወንበር ስትነሣ ወገቧን ይዛ “እህህ” ማለት ጀመረች።

“እማዬ፣ ምን ሆነሻል?” አልኳት።

“ምን እሆናለሁ? ዕድሜ ነው” አለችኝ። ያኔ ዕድሜዋ እኔ ዛሬ ካለሁበት ዕድሜ በታች ነበር።

መጋረጃው ጋ የደረስኩት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። መለኪያው ቦታ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጬ የሸሚዝ ቁልፍ እተክላለሁ። እናቴ እዚያ መኖሬን ረስታዋለች። አክስቴ ገባች፤ የእናቴ ታናሽ ናት፣ ነርስ ናት፣ ከሥራ ስትወጣ ነጭ ጋውኗን አጣጥፋ በክንዷ ይዛ ነው የምትመጣው።

“በይ እጅሽን አምጪው” አለች አክስቴ። በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ የእናቴን መዳፍ ይዛ በጥጥ ትጠርጋለች። “አሁንም ትሄጃለሽ ማለት ነው?”

“እሄዳለሁ። ትላንት ተሻለኝ ብዬ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ታፋዬን ያዘኝ።”

“እሱስ ምን አለሽ?”

“ተስፋ አለዎት አለኝ። የሚያስቸግርዎት ፍርሃቱ ነው እንጂ፣ አንዴ መሬቱን ከለቀቁ በኋላ ሁሉም ይቀልዎታል አለኝ።”

መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

“ለልጅቷ አትነግሪያትም?” አለች አክስቴ።

“ውድድሯ ይለፍ። አሁን ብታውቅ ልቧ ይከፈላል።”

“አባትየውስ?”

“እሱማ ጭራሽ እንዳይሰማ። መሪ ይዞ ሐሳብ እንዲገባው አልፈልግም።”

አክስቴ ፊቷን በጋውኗ ሸፍና ትንቀጠቀጥ ጀመር። እናቴ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ነርስ የሆነች ሴት እንዲህ ካለቀሰች ነገሩ ተስፋ የለውም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። አክስቴን አድጌ ስጠይቃት፣ “ምን ለቅሶ? ሳቄን ሳፍን ጎኔን ውጋት ሊይዘኝ ነበር እኮ” አለችኝ። ከመጋረጃ ጀርባ ሲያዩት ግን ሳቅና ለቅሶ ትከሻው አንድ ነው።

በበነጋታው ሌላ ልጅ ሆኜ ተነሣሁ። ሳልታዘዝ ዕቃ አጠብኩ፤ ውሃ ቀዳሁ፤ የእናቴን መኪና ዘይት ቀባሁላት። ቀጥሎ ወደ ድንቡሼ ዞርኩ። እናት የሌለው ልጅ ራሱን መቻል አለበት። አስቀምጬ ጫማ ማሰር አስተማርኩት፤ ካልሲውን እንዲያጥብ ሳፋ አቀረብኩለት፤ ሲያለቅስ “ወንድሜ፣ ነገ ማንም የለህም” አልኩት። ልጁ እየጮኸ ወደ እናቴ ሮጠ።

“ይሄን ሕፃን ምን አልሽው?” አለች እናቴ።

“ሕይወትን እያስተማርኩት ነው።”

“ሕይወትን ተይውና አፍንጫውን ጥረጊለት” አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ጀግንነቷ አስደነቀኝ።

ሜዳ ላይ ግን ጭራሽ ባሰብኝ። እንደ ድሮው ሮጬ ምርኩዙን ልተክል ስል የድንቡሼ ጉንጭ ፊቴ ላይ ይመጣል። አንገቴ ቢሰበር ማን ያሳድገዋል? አባቴ መንገድ ላይ ነው፤ አክስቴ ተረኛ ናት። ስለዚህ ሳጥኑ ጋ ስደርስ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፤ ምርኩዙንም ሁለት ክንዴን አጥፌ ደረቴ ላይ እለጥፈዋለሁ። ድሮ በቀላሉ የማልፈውን ላስቲክ መንካት ጀመርኩ። ለልምምድ፣ ከላይ በሚጋደመው ዘንግ ፈንታ ላስቲክ ነበር የምንወጥረው።

“ሰምበሌጥ፣ ይሄን ምርኩዝ ከሩቅ አገር እንደመጣ ዘመድ ነው እኮ የምታቅፊው” አለኝ ጋሽ ቀስ። “ውድድሩ ላይ ከየትምህርት ቤቱ አንድ ሴት ነው የሚፈቀደው። ካንቺና ከፌንጣ አንዳችሁን መምረጤ ነው። አሁን ባለሽበት ፌንጣ ናት።”

ፌንጣ ከእኔ አንድ ክፍል በታች የምትማር፣ ፍርሃት የሚባል ነገር ያልፈጠረባት ልጅ ነበረች። እኔ ውድድሩን የፈለግኩት ለሜዳልያው አልነበረም። እናቴ ሳትሞት በፊት አንድ ጊዜ ዘንጉን ሳልፍ እንድታይ ነበር። ይህን ለማን ልንገር? ለጋሽ ቀስ ግማሹን ልነግረው ሞከርኩ።

“ጋሼ፣ ሰው መሬቱን ሲለቅ ያመዋል?”

ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። ስለ ትከሻዬ የጠየቅኩት መስሎታል። “አያምም። የሚያመው ማመንታቱ ነው። ያመነታ ሰው መሐል ላይ ይቀራል።”

“ታዲያ ያላመነታ ሰው ወዴት ይሄዳል?”

“ወደ ላይ ነዋ። የት ይሄዳል?”

“እርግጠኛ ነህ?”

“ስንቱን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዴ ከለመዱት መውረዱን የሚጠሉ አሉ።”

ሃይማኖተኛ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከፍራሹ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ፤ ግን ደስ የሚል ለቅሶ ነበር። እናቴ ወደ ላይ እንደምትሄድ ቢያንስ አንድ መምህር አረጋግጦልኛል።

ትምህርት በሌለበት ቀን ጠዋት እናቴ “ክር ልግዛ” አለች። ፌስታል ይዛ ወጣች። ድንቡሼን አክስቴ ጋ ጣልኩና ተከተልኳት። ሐኪሙን ላገኘው፣ እግሩ ላይ ወድቄ ሌላ መድኃኒት ይኖር እንደሆነ ልጠይቀው ቆርጬአለሁ። እናቴ ክር ቤቱን አለፈች። ክሊኒኩንም አለፈች። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልከዋታል አልኩ። ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ትታጠፋለች ስል በትምህርት ቤታችን ጀርባ በኩል ዞራ በሜዳው በር ገባች።

በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ዓይኔን ሰካሁ። ጋሽ ቀስ ፍራሹን ዘርግቶ ቆሟል። እናቴ ከዕቃ ቤቱ ወጣች። የአባቴን የሥራ ሱሪ ለብሳለች፤ ወገቡን በልኳ አጥብባዋለች። (ያን ሰሞን አባቴ ከመንገድ ተመልሶ ሱሪው አልገባ ሲለው ወፈርኩ ብሎ ስኳር መተዉን ያን ጊዜ ገና ከምክንያቱ ጋር አላገናኘሁትም።) ሻሿን ወደ ኋላ አስራለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ምርኩዝ አነሣች።

የምትሞት ሴት ምርኩዝ አታነሣም። ይሄ ወዲያው ገባኝ። ሌላው ሁሉ ግን ግራ ገባኝ።

“ቀስ ብለው ይፍጠኑ” አላት ጋሽ ቀስ።

ሮጠች። ሩጫ ከተባለ። ጠርሙስ ተሸክማ አስፋልት የምትሻገር ነው የምትመስለው። ምርኩዙን ሳጥኑ ውስጥ ተከለች፤ ተነሣች፤ ክንዷን አጥፋ ምርኩዙን ደረቷ ላይ ለጠፈች። ምርኩዙ ቀጥ አለ። እናቴም እላዩ ላይ እንደተሰቀለ ካፖርት ቀጥ ብላ ቆመች፤ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ወደመጣችበት ቀስ ብላ ተንሸራተተች።

“ጎተቱት” አላት ጋሽ ቀስ።

“አልጎተትኩም።”

“ጎትተዋል።”

ደግሞ ሞከረች። ደግሞ ያው። እኔ አጥሩን ጨብጬ በአፌ ሳቅ፣ በዓይኔ እንባ እየወጣ ቆሜአለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትሮጥ ግን መሳቄን ተውኩ። ያን ክንድ አውቀዋለሁ። የሚታጠፍበትን ቅጽበት አውቀዋለሁ። ምርኩዙን ስታቅፈው ወደ ምርኩዙ ትጠጋለች፤ ስትጠጋ እግሯ የሚወነጨፍበት ቦታ ያጣል፤ እግሯ ሲቆም ሁሉም ነገር ይቆማል። ጋሽ ቀስ ዓመቱን ሙሉ የነገረኝ ይሄን ነው። እኔ ራሴን ከውጭ አይቼ አላውቅም፤ አሁን ግን የአባቴን ሱሪ ለብሼ ፊት ለፊቴ እየሮጥኩ ነው።

አራተኛውን ልትሞክር ስትነሣ ሳላስበው ከአጥሩ ጀርባ ጮኼ፣ “እማዬ፣ አትጎትቺው፤ ተንጠልጠይ” አልኩ።

እናቴ ደንግጣ ዞረች። ሩጫውን ግን ጀምራው ስለነበር ምርኩዙ ሳጥኑን አገኘው። ስትደነግጥ ክንዷን ማጠፍ ረሳች መሰለኝ፣ ዘርግታው እንደያዘች ተነሣች፤ ተንጠለጠለች፤ እግሯ ከኋላ መጥቶ አለፋት፤ ፍራሹ መሐል በጀርባዋ ዘፍ አለች። እዚያው ተኝታ ሰማዩን እያየች፣ “ምን ነበር እሱ?” አለች።

“እሱ ነው” አላት ጋሽ ቀስ።

በበሩ ዞሬ ሮጬ ገባሁና ፍራሹ ላይ ወጣሁ። “አልታመምሽም?”

“ማን?”

“አንቺ። አትሞቺም?”

“ዛሬ ከተረፍኩ አልሞትም” አለችና ተነሥታ ተቀመጠች። ከዚያ ፊቴን አየችው። ቀልድ አለመሆኑን ያየችው ያኔ ነው። ስለ መጋረጃው፣ ስለ መዳፉ፣ መሬቱን ስለመልቀቅ ሁሉንም ነገርኳት። አልሳቀችም። በተላላጠ እጇ ጉንጬን ይዛ፣ “ይሄን ሁሉ ቀን ብቻሽን ተሸከምሽው?” አለችኝ።

“አንቺስ ምን ልትሠሪ ነው እዚህ የምትመጪው?”

“ልነጥቅሽ ነበር የመጣሁት” አለች ወደ ጋሽ ቀስ እያየች። “ትከሻሽን ያየሁ ዕለት። ልጄን መልስልኝ፣ ሁለተኛ አትዘልም ልለው መጣሁ። ሰውዬው አልተጣላኝም። ‘ይከልክሏት፤ ግን የሚከለክሏትን ነገር አንዴ ይሞክሩት’ አለኝና ምርኩዝ አስጨበጠኝ። በንዴት ሮጥኩ።”

“እና?”

“እና መሬቱ ከእግሬ ሲለቅ…” አለችና ቃል ፈለገች። አላገኘችም። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ይሆናል፣ በእጇ አየሩ ላይ አንድ ረጅም ኩርባ ቀደደች። “በነጋታው ደግሞ መጣሁ። አንቺን ለመጠበቅ ነው የምመጣው እል ነበር። ውሸቴን ነው። ጥሞኝ ነው።”

ከዚያ በኋላ አብረን ሠራን። እሷ ከጎን ቆማ የእኔን ክንድ ትጠብቃለች፤ እኔ የእሷን። ሰው የራሱን ስህተት በሌላ ሰው ላይ ሲያርም እንዴት እንደሚጎብዝ ያየሁት ያኔ ነው። ክንዴን ማርዘም ጀመርኩ፤ እግሬ ቦታ አገኘ፤ ላስቲኩ ከፍ፣ ከፍ አለ። ጋሽ ቀስ እኔን መረጠ፤ ፌንጣ ቀጣዩ ዓመት የእሷ መሆኑን ነግራኝ ጫማዋን አዋሰችኝ።

የውድድሩ ቀን ሜዳው ሰው በሰው ነበር። ድንቡሼ አክስቴ ትከሻ ላይ ተቀምጧል። እናቴ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጨዋ ደንበኛ መስላ፣ ከተመልካቹ ገመድ ጀርባ ቆማለች። የመጀመሪያዎቹን ከፍታዎች አለፍኩ። ከዚያ ዘንጉ ሞክሬው በማላውቀው ከፍታ ላይ ተሰቀለ። አንዴ ጣልኩት። ሁለተኛም ጣልኩት፤ ክንዴ የድሮው ጠባዩ ተመልሶበታል። የቀረኝ አንድ ሙከራ ነው። እናቴን አየኋት። በሕዝብ መሐል፣ ቦርሳዋን ለማታውቃት ሴት አስይዛ፣ ሁለት ክንዷን ከራሷ በላይ ዘርግታ ተንጠልጥላ ቆማለች። የተንጠለጠለችበት ነገር አልነበረም። ዙሪያዋ ያሉት ሰዎች ቀስ እያሉ ይርቋት ነበር።

ሮጥኩ። ተከልኩ። መሬቱ ለቀቀኝ፣ እኔም ለቀቅኩት፤ ክንዴ ረዘመ፤ እግሬ መጥቶ አለፈኝ። ሰማዩ ከእግሬ ሥር ሆነ። ዘንጉን ቁልቁል አየሁት፤ ቁልቁል አይቼው አላውቅም ነበር። ምርኩዙን ገፋሁት።

ፍራሹ ላይ በጀርባዬ እንደተኛሁ ዘንጉ ባለበት እንዳለ አየሁ። ሦስተኛ ነበር የወጣሁት፤ ያን ጊዜ ግን ደረጃዬን አላሰብኩም። ጫጫታ ሰምቼ ቀና ስል እናቴ ገመዱን ተሻግራ፣ ቀሚሷን ሰብስባ በመሮጫው መሐል ትመጣለች። ፊሽካ የያዘ ዳኛ እጁን ዘርግቶ አስቆማት።

“እመቤቴ፣ ወዴት ነው? ተመልካች እዚህ አይገባም።”

እናቴ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

“ተመልካቿ ማን ናት?” አለችው፤ እጁን ወደ ጎን አድርጋ አለፈችው።